የወንዶቹ መደብ

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ጦርነቱ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወንዶቻችን በቤታቸው ያረጃሉ ብለን ነበር። አላረጁም። አባቴ በሙሴነት የሚመራው የሚካኤል ማኅበር በየወሩ ሲሰበሰብ፣ ወንዶቹ ተጠጋግተው የሚቀመጡበት መደብ ከዓመት ዓመት ሳሳ። አንዱ እርሻ ላይ እንዳለ ወደቀ፤ ሌላው ከሞላሌ ገበያ ተመልሶ እንደተኛ ቀረ። ሃምሳን እንኳ በቅጡ ያልተሻገሩ ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት ጽዋው እንዳይቋረጥ በእሱ ቦታ ትገባለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ከቄሱ ሌላ አባቴ ብቻውን ወንድ ሆኖ ቀረ።

"እናንተ፣ ባሎቻችሁን ምን አብልታችሁ ነው?" ይላቸው ነበር። ይስቃሉ። እኔን ግን ያኔም አላሳቀኝም።

የሁሉም በሽታ ስም አንድ ነው፦ ብርድ። መንዝ ውስጥ ደረት ቢወጋም፣ ራስ ቢዞርም፣ ትንፋሽ ቢያጥርም ብርድ ነው፤ መድኃኒቱም አረቄ። ብርዱ ሴቱን እየዘለለ ወንዱን ብቻ የሚመርጥ ይመስል! እናቴስ ጎህ ሳይቀድ ውኃ የምትቀዳው በዚያው ውርጭ አይደል እንዴ?

አባቴ ዳገት ላይ ቆም እያለ ደረቱን ማሸት ሲጀምር እናቴ ደነገጠች። ታናሽ እህቴን ለማስከተብ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ፣ ነርሷ የእሷንም ደም ግፊት ለክታ መድኃኒት አስጀምራት ነበር። "ሰውዬ፣ አንተም ተለካ" ብላ ነዘነዘችው።

"ጤና ጣቢያ የአራስ ቤት ነው። እኔ ምን ልወልድ ነው የምሄደው?" ይላታል።

በስንት ልመና አንድ የገበያ ቀን እሺ አለ። ሦስታችን ሄድን። የበረንዳው አግዳሚ ወንበር በሴት ተሞልቷል፤ ግማሾቹ እነዚያው የማኅበሩ መበለቶች ናቸው። ሲያዩት ደስ አላቸው። ልጅም የልጅ ልጅም እንዳቀፉ ጠጋ ጠጋ አሉና "ኖር! ሙሴ፣ እዚህ ይቀመጡ" አሉት።

አባቴ የለቀቁለትን ቦታ አየ፤ ወደ ገበያው የሚያልፉትን ወንዶች አየ። "በቅሎዋን ውኃ ላጠጣ" ብሎ ወጣ። አረቄ ቤት አገኘነው።

"ከሴት ጋር ተሰልፌ ሰው ይየኝ?" አለ።

የዚያን ዓመት ገብሱ ሳይታጨድ ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ብርድ ነው" አለ። ያን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። እኔ ዛሬ አባቴን በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ እናቴም ክኒኗን እየዋጠች አለች። በሰው ዓይን አፍሮ መሞቱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከተዝካሩ በኋላ የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። እናቴ ጠላውን ቀድታ፣ ዳቦውን አስባርካ፣ በአባቴ ቦታ ልትቀመጥ ወደ መደቡ ሄደች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት።

እናቴ ቆማ አየቻቸው።

"ያን ቀንም እንዲሁ ጠጋ ብላችሁለት ነበር" አለችና ተቀመጠች።