የገነተ ማርያሙ ሠርግና አሮጌው ኮምፒውተራችን

ላሊበላ ውስጥ እኔና ባለቤቴ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጽን ነበር የምንተዳደረው። እሱ ካሜራውን ይዞ ሠርግ ቤት ይውላል፤ እኔ ከገበያው በላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ተቀምጬ ምስሉን በኮምፒውተር አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሩን የገዛነው ሥራውን ከተወ ፎቶ ቤት ነው። ያን ጊዜ በከተማችን ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር አሮጌ መሆኑን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

የጥር ሠርግ ሲያልቅ ማሽኑ መታመም ጀመረ። አንዱን ምስል ከሌላው ላገናኝ ስል ደርቆ ይቆማል። እንደገና ሳስነሣው ከሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ ለቤት መሥሪያ ያስቀመጥነውን ገንዘብ አውጥተን አዲስ እንግዛ አለ። አሮጌውን ለመለዋወጫ የሚወስድ ሰው ወልድያ አግኝቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሜሞሪ ከተጨመረለት ይሠራል ብዬ ድርቅ አልሁ። ከተወለድሁ ጀምሮ በኪራይ ቤት ነው የኖርሁት፤ ያችን ገንዘብ መንካት ከራሴ ላይ ጣራ የመግፈፍ ያህል ሆነብኝ። ተኳረፍን። ምሳ እንኳ አብረን መብላት ተውን።

በዚህ መሀል አንድ ጠዋት ከገነተ ማርያም አንድ ቄስ መጡ። የልጃቸውን ሠርግ በጥር ቀርጸንላቸው ነበር፤ ቪዲዮውን ግን ገና አላስረከብናቸውም። ፊታቸው ከስቷል። ባለቤታቸው ጾሙ እንደገባ ታመው ማረፋቸውን ነገሩን። ተዝካሩ ሲደርስ ልጆቹ በቪዲዮው እንዲያዩዋቸው ፈልገው ነው የመጡት።

«ፎቶ ተነሥታ አታውቅም» አሉኝ። «ፊቷ ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ባለቤቴን አየሁት፤ ዐይኑን ሰበረ። ካሴት ውድ ስለነበር ምስሉን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥን በኋላ በዚያው ካሴት ሌላ ሠርግ እንቀርጽበት ነበር። የልጃቸውም ሠርግ ያለው በዚያ በታመመ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ማሽኑ መታመሙን፣ ቃል ልገባላቸው እንደማልችልም ነገርኋቸው። የተቻላችሁን አድርጉ ብለውን ሄዱ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለን ወደ ወልድያ ተሳፈርን። እስከ ጋሸና ድረስ መንገዱ ባነጠረን ቁጥር እንደ ሕፃን ወደ ደረቴ አስጠጋው ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ በመስኮት ያያል።

ወልድያ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ማሽኑን ፈታትቶ አየው። ሜሞሪ መጨመር ዋጋ እንደሌለው፣ እየሞተ ያለው ዲስኩ መሆኑን፣ በአሮጌው ላይ የምናወጣው ሁሉ ባክኖ እንደሚቀር ነገረን። አዲስ ከገዛን ዲስኩን ከአዲሱ ጋር አያይዞ ለመገልበጥ ይሞክራል።

«ግን አንዴ ከተነሣ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል» አለ። «መጀመሪያ የቱን ልገልብጥ?»

ልንሠራው ያሰብነው ቤት ትዝ አለኝ። ትዝ ያሉኝ ቄሱም ናቸው። ግዛ አልሁት ባለቤቴን፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

አሁን ደግሞ በምርጫው ተጣላን። እሱ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ሙሽሮቹን ነው፣ ከዳሱ እንጀምር አለ። እኔ ግን ምስሉን ደጋግሜ ስላየሁት እናትየዋ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ዳሱ ውስጥ የሉም፤ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ነበሩ። የታዩት ጠዋት፣ ሙሽራው ከቤት ሲወጣ ነው።

«ጠዋቱን» አልሁት ጠጋኙን፣ ባለቤቴን ሳላማክር።

ዲስኩን ከገዛነው አዲስ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ መገልበጥ ጀመረ። በስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል። ዲስኩ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። የሱቁ አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል ጠጋኙ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። መብራት ያን ሰሞን ሲሄድ ሲመጣ ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። አላስለቀቅሁትም። መስመሩ ሞልቶ ምስሉ መውጣቱን ስናይ ትንፋሻችን ተመለሰ። ጠጋኙ ወደ ዳሱ ሲያልፍ ግን ዲስኩ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ቄሱ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ምስሉ ላይ እናትየዋ በጓዳው በር ብቅ አሉ፤ የልጃቸውን ካባ አስተካከሉና ወደ ካሜራው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና እህል ቅመስ» አሉት ባለቤቴን። ቄሱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሙሽራው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ዳሱም ጭፈራውም እንደጠፋ ስነግራቸው ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ካለች ይበቃል» አሉ። «የቀረነውማ አለን።»

እንደገና እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ቤቱን የሠራነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።