ሎተሪ ነው ያልኩት ገንዘብ

ስደቱን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከወጣበት ሌሊት ይጀምራል። እኔ የወጣሁት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ ነው። ቤታችን ቁሓ ስለሆነ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ጎረቤት ነን፤ በባጃጅ ቁጭ ብድግ ነው። እናቴ ወይዘሮ ለተብርሃን በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችኝ። ያኔም ዓይኗ ደክሞ ነበር። «ግቢ ሆኜ አይሃለሁ ወደይ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ታናሽ እህቴ ፍሬወይኒ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ ስላልለየች፣ እስከ አመሻሹ ድረስ ላለፈው አውሮፕላን ሁሉ ነጠላዋን ስታውለበልብ ዋለች።

በሊቢያ በኩል የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይቅር በሉኝ፤ እኔ በረሃም ባሕርም አላየሁም። በወረቀት ነው የመጣሁት። በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና ሜካኒክ ነበርኩ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ ጀርመንኛን ከስልክ ላይ ለቃቅሜ ተማርኩና፣ ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ለሥልጠና ተቀበለኝ። ይህን በአማርኛ የምጽፈው አባቴ የደሴ ሰው፣ የአማርኛ አስተማሪ ስለነበረ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ነበር፤ እናቴ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስታባብል በትግርኛ ነበረች።

አባቴን በዚያ ክፉ ጊዜ አጣነው። ባንኩ ተዘግቶ፣ ደብተሩ ላይ ገንዘብ እያለው፣ መድኃኒት መግዣ አጥቶ ነው የሞተው። የቀበርነው ዕለት እናቴ እኔንና ፍሬወይኒን አስቀምጣ «ከእንግዲህ ክፉ ወሬ አታሰሙኝ፤ በቃኝ» አለችን። ይህን ቃሏን ያዙልኝ፤ የዋሸሁት በእሱ ምክንያት ነው።

እዚህ መኖር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፣ መስኮት መክፈት ማለት ነው። አከራዬ ፍራው ሹልትስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት በሬን አንኳኩተው እርጥበት ይዞ እንደሆነ ግድግዳዬን ዳሰሱ።

«ሉፍተን!» አሉኝ። አናፍስ ማለት ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱ ወለል ይላል።»

«ፍራው ሹልትስ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል እኮ። ሙቀቱ ይወጣል።»

«ሙቀቱ ይወጣል፣ ንጹሕ አየር ይገባል።»

«ከዚያ ማሞቂያውን ልክፈተው?»

«ኧረ ውድ ነው!»

ስለዚህ ካፖርቴን ለብሼ ሹሮዬን እበላለሁ፤ ሹሮውም ስለሚሸት መስኮት ተከፍቶለት ነው የሚበስለው። በእኛ አገር ጎረቤት ወጥህ ሲሸተው ብቅ ብሎ «ቤቶች!» ይላል። እዚህ ደብዳቤ ይጽፍልሃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ባንክ ሒሳብ ስከፍት አንድ ፈገግተኛ ጎረምሳ «እዚህም ፈርም፣ እዚህም» አለኝ፤ ፈረምኩ። ከርሞ ሳየው በየወሩ ከሒሳቤ የሆነች ነገር ትቆረጣለች። ሄድኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የአደጋ ፈርዚሸሩንግ፤ ኢንሹራንስ ነው።»

«አልፈልጋትም።»

«መብትዎ ነው። በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይቆማል።»

«ስገባ እኮ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም!»

«መግቢያውንና መውጫውን የሚያየው ሌላ ሌላ ክፍል ነው።»

ተናድጄ ጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ወር እጄ ማሽን ውስጥ ገባ።

ማሽኑ ማንግል ይባላል፤ የሆቴል አንሶላ እየጎተተ የሚተኩስ የጋለ ትልቅ ብረት ነው። አንድ አንሶላ ተጣጥፎ ገባና ተቀረቀረ። ቀዩን መጫን ነበረብኝ። ሥልጠናው ላይ መቶ ጊዜ ተነግሮኛል። እኔ ግን የመቐለ ሜካኒክ ነኝ። እኛ ፓርኩ ውስጥ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሥራ ስለሚቆም፣ መብራቱ ያለበትን ሰዓት ላለማባከን ብለን መኪናውን ሳናጠፋ ነበር የምንጠግነው፤ አለቆቻችንም «ጎበዝ!» ይሉን ነበር። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድማ ሄደች። የቀኝ እጄ ሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሄዱ፤ አውራ ጣቴና ትንሿ ቀሩ። አለቃዬ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አለቀሰ። «ለምን አላጠፋኸውም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?

ከዚያ ያቺ የረገምኳት ወረቀት ሠራች። ኢንሹራንሱ ቢሮ መነጽር ያደረገች ሴት የጣት ዝርዝር ያለበት ሠንጠረዥ ዘረጋች።

«አውራ ጣት አለ?»

«አለ።»

«ለእርስዎ ጥሩ ነው። ለሒሳቡ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር።»

«ቀኝ እጄ እኮ ናት። የምበላባት።»

«ቅጹ ላይ ቀኝና ግራ እኩል ነው።»

«እናንተ ዘንድ ነዋ!» አልኳት። አልገባትም፤ በትሕትና ፈገግ ብላ ፊርማዬን ጠየቀችኝ። በግራዬ ሞነጫጨርኩላት።

ፋሻዬን ይዤ ቤት ስገባ ፍራው ሹልትስ ደረጃ ላይ አገኙኝ። «በዚህ ሳምንት ደረጃ የመጥረግ ተራው የእርስዎ ነው» አሉኝ። እጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «አያለሁ» አሉ፤ «ግራዎ ግን ደህና ነው።» ክፍሌ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ደረጃው ተጠርጎ አገኘሁት። ራሳቸው ናቸው የጠረጉት። እስከ ዛሬ አላነሱትም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ የገባ ዕለት ቁጥሩን በብር መንዝሬ አየሁትና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሚሊዮኖች ናቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ ያላየውን ገንዘብ እኔ በሦስት ጣት አገኘሁት። መጀመሪያ የመጣልኝ የእናቴ ዓይን ነው። ሞራው እየጋረዳት ሄዶ ያን ጊዜ ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። ለፍሬወይኒ ደወልኩ።

«የአደይን ዓይን እናሠራ። ገንዘብ እልካለሁ።»

«ከየት አምጥተህ ነው ሓወይ?»

ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነው፤ የማይረባ ሰው ነኝ እኮ! «ሎተሪ ደረሰኝ» አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ ልመልሰው ፈለግኩ፤ እሷ ግን እልልታዋን አቅልጣዋለች። «ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት። «ለማን እነግራለሁ!» አለችኝ። ምሳ ሳይደርስ ቁሓ በሙሉ ሰማ።

ከዚያ በኋላ ስልኬ አላርፍ አለች። ልብ በሉ፣ ስጠኝ ያለኝ ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም የሚደውለው «ለእኔ ቢደርሰኝ ኖሮ» ለማለት ነው። ጎረቤታችን መምህር ፀጋይ «የዓመት ጤፍ ገዝቼ ቤቴ አስቀምጣለሁ» አሉኝ። «ልሸጠውም አይደለም፣ ልበላውም አይደለም። መኖሩን እያየሁ እተኛለሁ።» ፍሬወይኒ መንገድ ዳር ሱቅ ትከፍታለች። ከዚያስ ብላት «ከዚያማ ዘግቼው እተኛለሁ» አለችኝ። የእናቴ ጓደኛ የሆኑ፣ እኔ የማላውቃቸው አንዲት ሴት ስልኩን ተቀብለው «እኔ ቢደርሰኝ፣ ልጄን አይቻለሁ ለሚለኝ ሰው ሁሉንም እሰጠው ነበር» ብለው መለሱላት። ሰው ሁሉ ደክሞታል። ቀድሞ ቢሆን ፎቅ፣ መኪና፣ ድግስ ነበር የምንለው።

እናቴን ስጠይቃት «አንተ ና» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። ገንዘቡ ደርሶ መልስ አሥር ጊዜ ያመላልሰኛል። ግን ይህቺን እጅ ይዤ በየት በኩል ልግባ? ገና በሩ ላይ ፊቴን ስትዳብሰኝ እጇን ልይዛት ነው፤ መሶብ ሲቀርብ ልቆርስላት ነው። በየቅዳሜው የቲኬት ዋጋ አያለሁ፤ አይና እዘጋዋለሁ።

ይባስ ብሎ እጄ ዝነኛ ሆነች። እናቴ የገበያ ሴቶች እቁብ አላት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ዕጣ የሚያወጣው ሁሌም እጁ ይቀናዋል የተባለ ሰው ነው። እንግዲህ ከእኔ ወዲያ ማን ይምጣ? የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ትሪ ላይ ደርድረው ፍሬወይኒ ቪዲዮ ከፈተችልኝ።

«ኪዳነ፣ በሞቴ፣ በእጅህ አመልክት!» አሉኝ አንዷ።

«በቃል ልንገራችሁ፤ ከቀኝ ሦስተኛዋ።»

«አይሆንም! ዕድሉ ያለው እጅህ ላይ ነው እንጂ ምላስህ ላይ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ግራዬን አወጣሁና ጠቆምኩ። ፍሬወይኒ አነሳችው፤ ባሏ የታመመባት ሴት ደረሳት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «የተባረከች እጅ! እናትህን የካሰች እጅ!» እያሉ መረቁኝ። እኔ ቀኜን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ አሜን፣ አሜን እላለሁ። በየእሑዱ እንዲህ ሆነ፤ ሁለት ወር ሙሉ። እናቴ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ስለማታይ፣ ድምፄን ብቻ እየሰማች ትኮራለች። ውሸቱ የሚኖረው በእሷ ጨለማ መሆኑን አውቃለሁ። ያንን ጨለማ ለመግፈፍ ደግሞ ገንዘቡን የላክሁት እኔው ነኝ። አንድ ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዓይኗ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቢራዘም ብዬ ተመኘሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አልተራዘመም። ሐኪሙ እጁ የተባረከ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ፍሬወይኒ ደወለች። «ፋሻው ተነሳላት! ቪዲዮ ክፈት፣ ቶሎ!»

ከፈትኩ። የእናቴ ፊት ስልኩን ሞላው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ያያል። ከግንባሬ እስከ አገጬ አየችኝ።

«ዋይ ወደይ! ፀጉርህ የት ሄደ?»

«ሸሸ፣ አደይ።»

«ከስተሃል። ያቺ መስኮት ክፈት የምትልህ ሴትዮ አታበላህም እንዴ?» ሳቀች፤ አለቀሰች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እንዳትነካው ፍሬወይኒ እጇን ያዘቻት። እኔም ሳቅሁ። ለአፍታ ሁሉን ነገር ረሳሁት።

«በል እስኪ ያቺን እጅ አምጣት» አለችኝ።

«የቷን?»

«ዕጣውን ያወጣችውን ነዋ። ዓይኔን የመለሰችልኝን። ልሳማት።»

ግራዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። አልሳመችም።

«ይቺማ ግራህ ናት።»

«አዎ።»

«አንተ ሲሳይህን በግራህ ነው የምትቀበል? አባትህ እንደዚህ ነው ያሳደገህ?»

«ቀኟ ስልኩን ይዛለች፣ አደይ።»

«ስልኩን የሆነ ነገር አስደግፈው እንጂ።»

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ልላት አሰብኩ፤ ፊቷ ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ እኔም ጥርት ብዬ እንደምታየኝ አወቅሁ። የእኛ ከተማ ውስጥ ከጦርነቱ ወዲህ ጎዶሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ሰላም የሚል ሰው ብዙ ነው። እናቴ ገበያ ላይ ከእነሱ ጋር ነው የምትውለው። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ፍሬ» አለች ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ «ሽንኩርቱ እንዳያርርብሽ ሂጂ እይው።»

እህቴ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሰማሁት።

«ያምሃል?» አለችኝ በትግርኛው ድምፅ፣ በዚያ በምታባብልበት።

«ሲበርድ ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አንስታ በትከሻዬ በኩል ወደ መስኮቱ ተመለከተች፤ ስልኩን ይበልጥ አስጠጋችው።

«ኪዳነ ወደይ፣ ከኋላህ የሚወርደው ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»