የጊዮርጊስ ዕለት ዥዋዥዌ

ዝላትካ በባልካን ተራራ ሥር ባለች ትንሽ የቡልጋሪያ ከተማ አርባ ዓመት መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ምላሷ ስለት ነው። ስለ ልጇ ስለ ኦግንያን ግን የሚያነሳባት ሰው የለም፤ የሚያውቋት ይፈራሉ፣ የማያውቋት ልጅ የነበራት አይመስላቸውም።

በኅዳር ወር በአንዱ ማክሰኞ ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ሕፃናት ማዕከል ባለሙያዋ ሚሌና የተቀደደ ሰፊ ጨርቅ ተሸክማ መጣች።

«ከጣሪያ የምንሰቅለው ዥዋዥዌ ነው፤ ልጆቹ ውስጡ ገብተው ይወዛወዙበታል። ይጠገንልን ይሆን፣ እትዬ ዝላትካ?»

«ምን፣ ዝሆን ነው እንዴ የምታወዛውዙበት?» አለች ዝላትካ። ግን ሦስት ጊዜ ደራርባ ሰፋችው፣ የሰፋችውን ሌላ ሰው እንዲሰቅልባት ስለማትወድም ራሷ ይዛው ሄደች።

ሰቅላው እንደጨረሰች ጩኸት ተሰማ። ቢሊያና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ጆሮዋን ይዛ ራሷን ከወለሉ ጋር ታጋጫለች፤ እናቷ አጠገቧ ቆማ ታለቅሳለች። ዝላትካ ዞር አለች። ያንን ጩኸት ታውቀዋለች። ሚሌና ልጅቷን አቅፋ ጨርቁ ውስጥ አስገባቻትና በዝግታ፣ ሳታፈጥን ሳታቋርጥ፣ ትገፋት ጀመር። ጩኸቱ ወደ ማቃሰት ወረደ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለች ዝላትካ።

ሚሌና ሳቀች። «ማክሰኞ ምን በዓል አለው? ሰውነቷ ውዝዋዜውን ይፈልገዋል፣ ያረጋጋታል። ባስፈለጋት ቀን ሁሉ እናወዛውዛታለን።»

«በበረዶውም ጊዜ?»

«በበረዶውም።»

በዚያ አገር በዓመት አንዴ፣ በጸደይ፣ በሚውለው የጊዮርጊስ ዕለት ከለመለመ ዛፍ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ትልቅ ትንሹ የዓመቱን ጤና ፍለጋ ይወዛወዛል። ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ የሚከርመው ኦግንያን በዚያች ቀን፣ ጓሮ ካለው ፒር የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ሲወዛወዝ፣ ጭጭ ይል ነበር። የበጉን ጥብስ እንኳ ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ይበላል። የባሏ እናት ባባ ራዳ ያማትባሉ። «አየሽ ልጄ፣ የጊዮርጊስ ተአምር ነው!» ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ገመዱን ያስፈታሉ፤ የበዓል ዥዋዥዌ ከበዓሉ ካለፈ መዘዝ ያመጣል ይባላል።

ዝላትካ አመነች። ሻማ አበራች፣ ተሳለች፣ ከጊዮርጊስ እስከ ጊዮርጊስ ቀን ቆጠረች። በሰባተኛው ዓመት ጎረቤት ሰለቸ፣ ባሏ ሰለቸ፣ ምን ይደበቃል፣ እሷም ሰለቸች። ከተራራው ማዶ ላለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰጠችው። በሁለተኛው በረዶ እዚያው ሞተ፤ መርዶው በደብዳቤ ደረሳት። አልቅሳ ስታበቃ ሰማዕቱን ተቀየመችና ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች።

አሁን ከማዕከሉ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ዞረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እሷም አላጣችውም። ቅጠሉ የረገፈው የፒር ዛፍ ላይ አሮጌውን ገመድ አሰረች፣ ሳንቃውን አስገባች፣ ባዶውን በዝግታ ትገፋው ጀመር።

ጎረቤቷ ፔንካ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየቻት። «ምነው ዝላትካ፣ በኅዳር ዥዋዥዌ? አበድሽ እንዴ?»

«ይሄ ገመድ የት እንደነበር ጠይቂኝ፣ ፔንካ።»

«እሺ፣ የት ነበር?»

«ከኩሽናው በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ። ዓመቱን ሙሉ። ልጄ ወለሉ ላይ ራሱን ሲፈጠፍጥ፣ እኔ እሱን ስይዝ፣ ገመዱ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር።»