የቅዳሜ እህቴ

ወረቀቱ ገና ከማባዣ ማሽኑ እንደወጣ ስለነበር ይሞቅ ነበር። የምሠራበት መሥሪያ ቤት በከተማው ውስጥ ወጣቶችን ከታላላቆች ጋር እያጣመሩ የሚያማክሩ ፕሮግራሞች ምን ላይ እንዳሉ ሊያጠና ተነስቶ፣ የካ ክፍለ ከተማ ለእኔ ደርሶኝ ነበር። መጠይቁን ሳገላብጥ አንድ ጥያቄ ላይ ቆምኩ። «ከአማካሪዋ ጋር የነበረው ግንኙነት በምን ምክንያት ተቋረጠ?» ይላል። ከሥሩ ሳጥኖች አሉ፤ ፕሮጀክቱ ስላለቀ፣ አማካሪዋ ሥራ ስለለቀቀች፣ ልጅቷ ሰፈር ስለለወጠች። ሦስቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። የእኔ ምክንያት አልነበረበትም።

ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ቀበና ወንዝ ዳር ነበር፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ እናቴና እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ሆነን እየተጯጯህን ነበር የምንነጋገረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በጽዳት ሥራ እኔንና ታናሽ እህቴን ታሳድግ ነበር። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ድምፄ ጠፋ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት ያቅተኝና እጄን ብቻ አወጣለሁ። የክፍል ኃላፊያችን ይህን አይታ ነው አንድ ድርጅት ለችግረኛ ልጆች በከፈተው ፕሮግራም ያስመዘገበችኝ። ለእያንዳንዳችን ቅዳሜ ቅዳሜ የምታገኘን አንዳንድ ታላቅ እህት ይሰጡን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ በፊኛ አጊጦ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ዳቦና ለስላሳ ተሰጠን። የእኔዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቡኒ ሹራብ የለበሰች ረዥም ሴት ነበረች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነች። ስታወራ ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይመቱታል፤ የምትናገረውን የምትተይብ ይመስል። «እትዬ፣ እርስዎ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እህት አንቱ አይባልም። ወሬ ካልመጣልሽ ደግሞ ዝም እንበል፤ እኔም ብዙ አላውቅበትም» አለችኝ። ዝም ብለን ዳቦአችንን በላን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

እናቴ ግን ሴትየዋ ጴንጤ መሆኗን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «ትምህርት ብላ ሃይማኖትሽን እንዳታስለውጥሽ» አለችኝ። ይህን ለሴትየዋ ማን እንደነገራት እንጃ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እቤታችን ድረስ መጣች። እናቴ ፊት ቁጭ ብላ፣ «እኔ የማውቀው ሒሳብና መተየብ ነው። የልጅዎ ሃይማኖት የእርስዎ ነው» አለቻት። እናቴ ሻይ ቀዳችላት።

ስለ እሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቀበሌ የሄድንበት ቀን ነው። ትምህርት ቤት የነዋሪነት ማስረጃ አምጪ ብሎኝ፣ እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ከእሷ ጋር ሄድኩ። ወረፋችን ሲደርስ ሠራተኛው ቀና ሳይል «ምን ነበር?» አለ። ዞር ብዬ አየኋት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበበች ነበር። ማስታወቂያው አሮጌ፣ ግማሹ የተቀደደ ነው፤ የሚነበብ ነገር የለውም። ገባኝ። ሰውየው «ጮክ በይ እንጂ!» እያለ፣ እኔም አንገቴ እስኪግል ድረስ፣ ስሜንም የቤት ቁጥራችንንም የመጣሁበትንም ተናገርኩ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስንወጣ አላሞገሰችኝም። «ድምፅሽ ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል» ብቻ ነው ያለችኝ።

ፈተናው ያለቀ ዕለት እንጦጦ ወጣን። ጭጋግ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ረጥቦ አፍንጫ እስኪያቃጥል ይሸታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መሬት መሬት እያዩ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እሷ ለእያንዳንዳቸው መንገድ ትለቃለች። ማርያም ደጅ ስንደርስ ቆመች። «ተሳልመሽ ነይ፤ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። ተሳልሜ ስመለስ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ያስያዝኳትን ደብተሬን እንዳይረጥብ ሹራቧ ውስጥ ሸሽጋው አገኘኋት። እናቴ ይህን ስነግራት «ደህና ሰው ናት» አለች።

አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘነው። ዘበኛው «ዘግተው ሄዱ፤ ለእኔም የነገረኝ የለም» አለን። እኛ ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለን ቀረን። እሷ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «ቤታችሁን አውቀው የለ? እዚያው እመጣለሁ» አለች። መጣችም። ማንም ሳያዛት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አዲስ ጓደኛ አገኘሁ። ቤታቸው መገናኛ አካባቢ፣ ባለ ትልቅ የብረት በር ነው፤ አባቷ በመኪና ያመጣት ነበር። ስለ ቲሸርቱም ስለ ችግረኛ ልጆች ፕሮግራሙም አንድ ቃል ተንፍሼላት አላውቅም። አንድ ቅዳሜ አብረን ልናጠና እኛ ቤት መጣች። ደብተራችንን እንደዘረጋን ከአጥር ውጪ «ቤቶች! እንዴት አደራችሁ!» የሚለው ድምፅ ተሰማ። ያ ቡኒ ሹራብ፣ ያ የፕላስቲክ ጫማ ታየኝ። እህቴን ክንዷን ጨምድጄ፣ «የለችም በያት» አልኳትና ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ።

«ማናት?» አለች ጓደኛዬ።

«እንጃ፤ የእናቴ ሰው ትሆናለች።»

እህቴ በር ላይ «የለችም» ስትል ሰማሁ። «የለችም? እሺ የኔ ቆንጆ። በይ ይሄን ስጪልኝ» ስትላትም ሰማሁ። የሰጠቻት ራሷ የተየበቻቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስድስት ገጽ፣ በክር የተሰፋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኛዬ አልነበረችም። እኔ ግን ተደበቅሁ። የመጀመሪያውን ውሸት ምን ብዬ እንደምነግራት ጠፍቶኝ ሁለተኛ ጨመርኩበት፤ በሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እናቴ «ያቺ ሴት ምነው ጠፋች?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኳት። በኋላም ሰፈራችን ፈረሰና ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ሄድን።

መጠይቁን ይዤ የካን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። አንዱ ጋ ታፔላው ቆሞ ቤቱ ሱቅ ሆኗል። ሌላው ጋ የምርቃቱ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ አለ፤ ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች የት እንዳሉ የሚያውቅ ግን የለም። በርትተው የሚሠሩም አላጣሁም፤ እነሱም የሚፈሩት የሚቀጥለውን ዓመት ነው። የድሮው ፕሮግራማችን አስተባባሪ የነበረችው ሴት ስትጠቁመኝ ነው የቅዳሜ እህቴ አሁንም ቀበና፣ ከድልድዩ በላይ እንዳለች ያወቅሁት።

ግቢ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ምስር ትለቅም ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። አንቺ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«እትዬ፣ አወቁኝ?»

መነጽሯን አስተካክላ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። «እንዴት አላውቅሽም! አዳራሹ የተዘጋ ቀን እያለቀስሽ እስከ ታክሲ የሸኘሽኝ አይደለሽ?»

ያ ሌላ ልጅ ነው። ያን ቀን እኔ አላለቀስኩም፤ እስከ ታክሲም አልሸኘኋት። አዎ ብል ማንም አይጎዳም ነበር፤ ትንሽ ቁጭ ብዬ አሰብኩበትም።

«እሷ እኔ አይደለሁም። እኔ ቅዳሜ ሲመጡ ‹የለችም በያት› ያልኩት ነኝ። ሦስት ጊዜ።»

ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። «የቷ?» አለችኝ።

«እንዴት የቷ?»

«አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ታላቅ እህት የቀረችባቸውንም ልጆች እዞር ነበር፤ ከእናንተ መሃል ያልተደበቀች አለች እንዴ? አንዷማ አልጋ ሥር ገብታ እግሯ ውጪ ቀርቶ ነበር።» ለብቻዋ ሳቀች። «ልጅ ሲያድግ ያፍራል። ይሄ ምን ይገርማል?»

«ታዲያ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«ታማ ይሆን፣ ድረዋት ይሆን፣ በምን አውቃለሁ? ‹የለችም› ካሉኝ ደህና ናት ማለት ነው። ደህና ከሆነች ደግሞ እኔም ወደ ሌላዋ እሄዳለሁ።»

የቀበሌውን ነገር አነሳሁላት። «ሁላችሁንም ቀበሌ ወስጃለሁ» አለች። እንጦጦንም ነገርኳት፤ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳላስታወሰች ግን ያስታውቃል። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ለእሷ ከብዙ ቅዳሜዎች አንዱ ነበር። ቀለለኝ፤ ከፋኝም።

ሰፌዱን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። «እንግዲያው እንደ አዲስ ንገሪኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ሆንሽ?»

ምስሩን እየለቀምኩ ነገርኳት፤ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጄ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ መሆኑን ስነግራት እጇ ቆመ። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እንደማይባል አውቃለሁ፤ እሷ ግን ቀስ ብላ «ነፍስ ይማር» አለች።

ስወጣ ጉልበቷን እያሻሸች እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስሜን እስከ መጨረሻው አላስታወሰችውም፤ ለመጠየቅም ያፈረች መሰለኝ። «የኔ ልጅ» እያለች ጠራችኝ፤ እኔም አቤት እያልኩ ወጣሁ።