የመለስናት በቅሎ

የእግር ጉዞ ሰውን ትሑት አያደርግም። እኔን ከበፊቱ የባስኩ ትዕቢተኛ ነው ያደረገኝ።

ከመካኒሳ ጎረቤቴ ጋር ለአራት ቀን ተራራ ልናቋርጥ ሄድን፤ የምናድረው የመንደሩ ሰዎች ለመንገደኛ በሠሯቸው ጎጆዎች ነበር። ጎረቤቴ አቦ አካባቢ ቀለምና ሚስማር የሚሸጥ፣ ከሱቁ ወንበር ብዙም የማይነሳ ሰው ነው። ጉዞውን የጎተጎትኩት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሽ አጥሮት የጎጆውን ግድግዳ ይዞ ቆመ። የጎጆው ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በቅሎ ጭነው መጡ።

«ልጄ፣ የዛሬው ዳገት ክፉ ነው። በዚህች ውጣ።»

እግሩን እርካቡ ላይ ሲያደርግ ሳቄ መጣ።

«ሙሽራው! ሚዜ ልሁንህ?»

እግሩን አወረደ። «አንተ ባለህበት መታመምም አይቻል» አለና እሱም ሳቀ። በቅሎዋን መለስናት።

«እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው።

በዚያው ቀን ማታ፣ የሁለተኛው ጎጆ ጣሪያ እየታየን፣ ጎረቤቴ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አለ። በዚያው ቀረ። አስከሬኑን ያወረደችው ያችው በቅሎ ናት።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሚስቱ ጠየቀችኝ።

«እዚያ አገር በቅሎ የለም እንዴ?»

«የለም» አልኳት።

ሁለት ዓመት አለፈው። ሱቁን አሁን እሷ ይዛዋለች፤ እኔ ሚስማር ስፈልግ ለቡ ድረስ እሄዳለሁ። ስንት ጊዜ እስከ በሯ ደርሼ ተመልሻለሁ። አንባቢ ሆይ፣ በአቦ በኩል ካለፍክ ግባና «በቅሎ ነበረች» በላት።