በግማሽ የተፈታ ግዝት

ባሌ፣ የኔ ሽማግሌ፣ የድንጋይ ጠባቂ ሆኖ ሲሾም ስስቅ ጎኔ ሊገነጠል ነበር። የሚጠብቀው ከመርሳ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ክብ ክብ እየሆነ የተካበ ግድግዳ አለበት፣ ሲፈጩበት ኖረው መሃሉ የጎደጎደ ወፍጮ፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ባልጩት፣ የጥቁር ሸክላ ስባሪ። ከሩቅ የመጡ የተማሩ ሰዎች አዩትና፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሳይታወቅ ጀምሮ እዚህ ሰው ይኖር ነበር አሉ። ከዚያም ሌላው በላዩ እየመጣ ጎጆ ሲቀልስበት ኖሯል። የወረዳ ሰዎች ደግሞ መጥተው ከለሉት። ድንጋይ ማንሳት፣ መቆፈር፣ ከብት ማስገባት በሕግ ክልክል ነው ብለው ሰሌዳ ተከሉ። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል የኔ ሽማግሌ ተገኘ።

እሱም እኔም ፊደል አልቆጠርንም። ግን ሰሌዳው የሚለውን ሰው ነግሮት በቃሉ ያዘና፣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ጣቱን እየጎተተ ያነብለታል።

«ጌታው፣ እኮ በጀርባው በኩል ቆመው ነው የሚያነቡት» እለዋለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሕግ በፊቱም በጀርባውም አንድ ነው» ይለኛል።

ያገሬ ሽማግሎች ግን በሰሌዳ ብቻ አልረኩም። ቄሱና ሼኹ አብረው ኮረብታው ላይ ወጡ። አንዱ መስቀላቸውን፣ አንዱ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ «ከዚህ ድንጋይ አንስቶ ቤት የሠራ ቤቱ አይሙቅለት» ብለው ገዘቱ። እኛም አሜን አልን። ሁለቱ ያሰሩትን ሁለቱ ካልፈቱት አይፈታም፣ ሥርዓቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው ድንጋይ ማንሳቱ ቀርቶ ከጫማው የገባውን ጠጠር እንኳ እዚያው አራግፎ ነው የሚወርደው።

ከብት ሳይገባበት ሲቀር ኮረብታው ጫካ ሆነ። ዙሪያው ራቁቱን፣ እሱ ብቻ ለብሶ። የፈጀን ያ ጫካ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ተዋጊዎቹ ከታች ሆነው ቀና ሲሉ መደበቂያ ብለው ያዩት እሱን ነው። ወጥተው ገቡበት። ሰሌዳውን ነቀሉ፣ መሬቱን ቆፈሩ፣ ግድግዳውን እያፈረሱ ለምሽግ ካቡት።

ሽማግሌዬ ልንገራቸው ብሎ ተነሳ። ቢገድሉትስ ብዬ ተከተልኩት፣ ባይገድሉትም የሚለው እንዳያመልጠኝ።

«ልጆቼ፣ ይሄ በሕግ የተከለለ ነው። ድንጋዩ አይነሳም» አላቸው።

አንዱ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ባለጌም አልነበረም። «የማን ሕግ ነው አባ?» አለው።

ሽማግሌዬ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔስ በየት ልወቀው። ወረዳው ሸሽቷል፣ ፖሊሱ ሸሽቷል፣ ሕጉም አብሯቸው መኪና ላይ ተሳፍሮ ይሆናል።

እነሱ ለቀው ሲሄዱ የመንግሥት ወታደር መጣ። ሽማግሌዬ ደስ አለውና፣ አሁንስ ሕጉ ከነባለቤቱ መጣ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ብስኩት ይዟል። የተቆፈረ ምሽግ ተዘጋጅቶ ሲጠብቃቸው ምን ያድርጉ፣ እሱኑ አሰፉት። የቀረውን ዛፍም ለማገዶ ቆረጡት።

ልጃችን ግራና ነበር የምትኖረው። ጭቃ ቤቷ ተቃጠለ፣ ባሏም ከሄደበት አልተመለሰም። ልጆቿን አንጠልጥላ መጣች። የኛም ጎጆ ባንድ ጎኑ ወድቆ ለሁለታችን እንኳ አልበቃን ስላለ፣ አጥራችን ሥር ላስቲክ ወጥራ ገባች። ለቤት የሚሆን እንጨት ባካባቢው የለም፣ ተጨፍጭፏል። ቢሠራ በድንጋይ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ከበላይዋ ተቆልሎ ቁልቁል ያያታል።

«አባዬ፣ አንዴ ፈርሷል እኮ። መልሶ የሚክበው የለ። ክረምት ሳይገባ ትንሽ ላንሳ» አለችው።

«ግዝት ነው።»

«ሕጉን አፍርሰውት የለ?»

«ሕጉን አፈረሱት። ግዝቱን ማን ፈታው?»

ቄሱ ሲሸሹ ውርጌሳ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ አግኝቷቸው ሞተዋል። ስለዚህ እኔና ልጄ ሼኹ ዘንድ ሄድን። ሼኹ ነገራችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሏት። «በኔ በኩል ያለውን ፈትቼልሻለሁ። የቄሱ ግን አብሯቸው አፈር ገብቷል።»

አዲሱን ቄስ ጠየቅን። ወጣት ናቸው። «ያላሰርኩትን እንዴት እፈታለሁ እናቴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በመንገድ ስንመለስ፣ «እንግዲህ በተፈታው በኩል ግማሽ ቤት ሥሪ» አልኳት። አልሳቀችም። ያቺ ልጅ እኔ አፌን ስከፍት፣ ገና ሳልናገር ነበር የምትስቀው።

ግዝቱ የማይዛቸው የሌላ አገር ሰዎች ግን ድንጋዩን ሊጭኑ አህያ እየነዱ መጡ። ቀጥሎ አይሱዙ መጣ። ሽማግሌዬ መኪናው ፊት ሄዶ ተገተረ።

«አባባ ዞር ይበሉ፣ የሰው ቤት ፈርሶበታል» አለው ሹፌሩ።

የሰው ቤት መፍረሱ ለሱ ይነገራል? መርሳ ድረስ በእግሩ ወርዶ ወረዳው ዘንድ አቤት አለ። ቢሮው ተዘርፎ ወንበር እንኳ የለው። የተገኘው ሰው ቆሞ ሰማውና፣ «አባቴ፣ ሰው እየተራበ እርስዎ ስለ ድንጋይ?» ብሎ መለሰው። የዚያን ለት እራት አልበላም። ልጃችን ከላስቲኩ ሥር ሆና የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ዋለች። የሌላው ሰው ቤት ይሞቅለት አይሞቅለት እኔ አላውቅም። የሷ ግን አልተሠራም።

ክረምቱ ሲገባ ላስቲኩን ነፋስ ወሰደው። ልጆቿን ይዛ ወልድያ፣ የዘመድ ጓዳ ልትገባ ሄደች። የአባቷን ጉልበት ስማ ነው የሄደችው፣ ፊቱን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ከስንት ጊዜ በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ እንግዶች መጡ። የኮረብታው ጥበቃ ጠንክሯል፣ አሁን ከወረዳም በላይ የታወቀ ሆኗል አሉን። የሽማግሌዬን እጅ እየጨበጡ አመሰገኑት። ኮረብታው ጉድጓድ ለጉድጓድ ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ከሥሩ የቀረ ካብ ነው የሚታየው።

«ያችን የቀረችውን ድንጋይ ልጄ ብትወስዳትስ?» አልኩ፣ እያሾፍኩም እያመረርኩም።

«አሁንማ ጭራሽ አይነካም እማማ» አለኝ አንዱ። «የቀረው ጥቂት ስለሆነ ይበልጥ ውድ ነው።»

«ልጠብቅ እንግዲህ?» አለ ሽማግሌዬ።

«ይጠብቁ እንጂ አባቴ።»

ይጠብቃል። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ድሮ ሲወጣ ከደጃፍ ላይ ቆሜ የምለክፈው አላጣም ነበር። አሁን ስንቁን እሰጠውና ቶሎ ወደ ውስጥ እገባለሁ።