ሞተሬ የዋጣት ቆብ

አርብ ንጋት ላይ ከቡታጅራ ተነስቼ መርካቶ የወረድኩት ለገበያ አልነበረም። ሞተር ብስክሌቴ ሆድ ውስጥ የገባች፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ቆብ ለማስወጣት ነው። ቆቧ የካንዴላው አናት ላይ የምትጠለቅ ናት፤ ካንዴላ ያው ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ዕቃ ነው።

እንዴት እንደገባች መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ብቀር ሰው ሁሉ እኔ የጣልኳት ይመስለዋል። ሐሙስ ከሰዓት የሰፈራችን መካኒክ ተማም ካንዴላውን ፈትቶ እያጸዳልኝ ነበር። ተማም ትንንሽ ዕቃ ሲፈታ ኪሱ አይከትም፣ መሬትም አያስቀምጥም፤ በከንፈሩ ነው የሚይዘው። ቆቧን እንደዚያው በከንፈሩ ይዞ ክፍቱ ቀዳዳ ላይ አጎንብሶ ሲያይ አንድ ሽማግሌ በመንገድ ያልፋሉ። «አሰላሙ ዓለይኩም!» አሉ። በእኛ አገር የሽማግሌ ሰላምታ ሳይመለስ አይታለፍም። ተማም «ወዓለይኩሙ ሰላም!» ብሎ አፉን ከፈተ፤ ቆቧም ወደቀች፤ ቀዳዳው ደግሞ ከአፉ ሥር ነበር። ሽማግሌው መርቀውት አለፉ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ሳቄ ጠፋ። ሥራዬ ከብት መከተብ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ሰብስበው ሊጠብቁኝ ተቀጣጥረናል። አጎራባቹ ቀበሌ ከብት የሚፈጀው አባ ሰንጋ ገብቷል። መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን ካልተጓዘ ይበላሻል፣ በእግሬ ብሄድ ደግሞ በረዶው መንገድ ላይ ያልቃል።

«ቆቧ ሳትወጣ እንዳታስነሺው፤ ፒስተኑን ትበላዋለች» አለኝ ተማም ዓይኔን ሳያይ። «ሞተሩ መከፈት አለበት። ከተከፈተ ደግሞ ማሸጊያው አዲስ ይፈልጋል፤ የዚህ ዓይነት ማሸጊያ መርካቶ ካልሆነ የለም።»

በበቆሎ ጆንያ ላይ

ሹፌሩ ከድር በአይሱዙው በቆሎ ጭኖ ወደ መርካቶው እህል በረንዳ የሚሄድ የሰፈራችን ሰው ነው። ሞተሬን ጆንያዎቹ አናት ላይ አስተኝተን በገመድ አሰርነውና እኔ ጋቢና ገባሁ። ገና አልነጋም ነበር።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ከላይ፣ ሐኪሟ ከታች!» ይላል ከድር። ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም።

ቡኢ ላይ ቆመን ሻይ በፓስቲ ቀመስን። ፓስቲው ትኩስ ነበር፤ ጣቴን አቃጠለኝና በነጠላዬ ጫፍ ይዤ በላሁት። ጢያን አልፈን ወደ መልካ ቁንጡሬ ቁልቁል ስንወርድ ፀሐይ ወጣች፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ማለዳ ያስደስተኝ ነበር። ያን ዕለት ግን አይሱዙው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ቆቧ የሞተሩን ግድግዳ ስትፍቅ የምሰማ እየመሰለኝ ጥርሴን እነክስ ነበር።

«ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ባዶዬን እመለሳለሁ» አለ ከድር አለም ገና ስንደርስ። «ከደረስሽ እወስድሻለሁ። ካልደረስሽ መቆም አልችልም፤ ትራፊክ አለ።»

እህል በረንዳ

እህል በረንዳ ስንገባ ተሸካሚዎቹ ገና መኪናው ሳይቆም ጎኑ ላይ ተንጠላጠሉ። አንዱ ሸራውን ገልጦ ሞተሬን ሲያይ ጮኸ፦ «ይሄ ደግሞ በኪሎ ነው የሚሸጠው?» ሁሉም ሳቁ፤ እየሳቁም ቢሆን እንደ ሕፃን ተጠንቅቀው አወረዱልኝ። አንዱ ደልዳላ ተሸካሚ ከኋላ ሊገፋልኝ ተስማማን።

በዚያ ግርግር ውስጥ ሞተር መግፋት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ጋሪ ከፊት፣ ጆንያ ከጎን፣ ከኋላ ደግሞ «ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ። ተሸካሚው ጭድ ተራ ደረስን ሲለኝ፣ የከብት ሰው ነኝና ዓይኔ ጭድ ፈለገ፤ ያየሁት ሰው፣ ጋሪና ካርቶን ነው። ለከብቶቹ አዘንኩ።

ተሸካሚው የሚያውቀው የሞተር መካኒክ ጋሽ ሸምሱ ይባላል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ጣሪያው ላይ ጎማ፣ ግድግዳው ላይ ሰንሰለትና ፍሬን ተሰቅሏል። ከእሱ ጋር በር ለበር የእትዬ ብርቄ ሱቅ አለ፤ ጧፍ፣ ዣንጥላና ነጠላ የሚሸጡ፣ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡ ሴት ናቸው።

«ማን ነው የጣላት?» አለኝ ጋሽ ሸምሱ ቆብ እንደገባበት ሲሰማ።

«ሰላምታ» አልኩት፤ ታሪኩንም ነገርኩት። እትዬ ብርቄ ከወዲያ ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

ጋሽ ሸምሱ ሽቦ ጫፍ ላይ ማግኔት አስሮ በካንዴላው ቀዳዳ አስገባ። ቆቧ ብረት አይደለችምና ማግኔቱን ንቃው ተኛች። ከተሸካሚው ጋር ሆነን ሞተሩን ዘቅዝቀን ነቀነቅነው፤ ቅጭል ቅጭል ትላለች እንጂ አትወጣም። በመጨረሻ ቁልፍ አንስቶ የላይኛውን ቡሎን ሞከረ። ወዲያው ተወው።

«ዝጓል እህቴ። በግድ ስፈታው አንዱ ቢሰበር ሥራው ለሰኞ ነው።»

«ሰኞ አይሆንም፤ ነገ ጠዋት ከብት ይጠብቀኛል!»

«እኔ መች ጣልኳት?» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ተናደድኩበት።

ጁምዓ

ከዚያ የአርብ ስግደት ደረሰ። ጋሽ ሸምሱ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ፣ ቀዳዳውን አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ደፈነ፣ ወንበር ወስዶ በሩ ላይ አጋደመ። «እትዬ ብርቄ፣ ሱቁን!» አለ። «ሂድ፣ አለሁ» አሉ። ይኸው ነው። አርብ አርብ እሳቸው የእሱን ይጠብቃሉ፣ ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱ የእሳቸውን ይጠብቃል። የዕቃውን ዋጋ በቃላቸው ስለሚያውቁት እትዬ ብርቄ ዓይኔ እያየ ለአንዱ ሰንሰለት ሸጡለት። ከዚያ በፊት «ይሄ ለየትኛው ሞተር ነው?» ብለው ገዢውን እንደ ባለሙያ አፋጠጡት።

እኔ የእትዬ ብርቄ በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ ዘቢባ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ላም ወተት ነው።

«ዶክተር፣ ዛሬ ከማዶ የአንድ ሰው በሬ ወደቀ። እኔ ላሜን ከበረት አላወጣኋትም። ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ» አልኳት። አፌ እንጂ ሆዴ አልተናገረም። ስልኩን ዘግቼ እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ ጧፎቹ ዞርኩ።

ዞር ያልኩት ለበጎ ነው። አንድ እስር ጧፍ ደፉ ላይ ፀሐይ ውሎበት ለስልሶ ተጋድሟል። እትዬ ብርቄ ሊያነሱት ሲሄዱ የሱቃቸው ቁልፍ አብሮ ተነሳ፤ ሰሙ ላይ ተጣብቆ። «ማን ነው ፀሐይ ላይ የተወው!» ብለው ተቆጡ። የተዉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ግን ቁልፉን ነው የማየው። ጧፍ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ይታጠፋል። የካንዴላ ቀዳዳ ይበቃዋል።

ጧፉ

ጋሽ ሸምሱ ሲመለስ ቆቧን በጧፍ አጣብቀን እንሳባት አልኩት።

«ሞተሩ ሞቶ ነው እንዴ ጧፍ የምናበራለት?»

«አያበሩትም ጋሼ፤ ያለሰልሱታል።»

«ቤንዚን ባለበት ክብሪት አልጭርም።»

«ክብሪት ምን ያደርጋል! ፀሐዩ አለ አይደል?» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ምርጡን ጧፍ መርጠውም አመጡ።

ጋሽ ሸምሱ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ አዞረና ፒስተኑን ከነቆቧ ወደ ላይ አቀረበው። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ። ጧፉን አስገብቶ ተጫነ፣ ሳበ፤ ቆቧ ትንሽ ተነስታ ወደቀች። ዘይት አለባት። ሽቦ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ዘይቱን ጠራርጎ አደረቀ። ሁለተኛ ጧፍ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አሞቀና አስገባ። ሰሙ በቆቧ ቀዳዳ እንዲገባ ተጫነው፣ እስኪጠነክርም ጠበቅን። አላፊ አግዳሚው ተሰበሰበ። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ከለከሉ።

ጋሽ ሸምሱ መሳብ ጀመረ። በመብራቱ ቆቧን አየኋት፤ ከጧፉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትመጣለች። በዚህ መሃል ነው አንድ ሐጂ፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ በመንገዱ የሚያልፉት።

«ሸምሱ! አሰላሙ ዓለይኩም!»

ጋሽ ሸምሱ ከንፈሩን ገጥሞ ዝም አለ። ያ ሁሉ ሰው የሞላበት ደጅ ዝም አለ። ሐጂው ቆሙ።

«ሸምሱ! አሰላሙ ዓለይኩም ብያለሁ!»

እትዬ ብርቄ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተማጸኗቸው። ሐጂው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?»

ጋሽ ሸምሱ በሌላ እጁ ጨርቅ ከሥር ዘረጋ፤ ጧፉ ወጣ፤ ቆቧም ጨርቁ ላይ ጠብ አለች። ያን ጊዜ ቀና ብሎ በሙሉ ድምፁ፣ አንድም ሳያስቀር፣ «ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ!» አለ። ደጁ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ሐጂው ነገሩ ሲነገራቸው ጎንበስ ብለው ቆቧን አዩና «ለዚህች ነው የተኮራረፍነው?» አሉ።

ካንዴላው ገባ፣ ቆቧም ቦታዋ ላይ ተጠለቀች። ሞተሩ በሦስተኛው ምት ተነሳ። እኔ ጋሽ ሸምሱን ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በምትኩ እትዬ ብርቄን ሳምኳቸው። ሁለተኛውን ጧፍ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይሄን እንኳ ቤተ ክርስቲያን አላስገባውም፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» አሉ።

መመለሻ

እህል በረንዳ ስደርስ ከድር ሸራውን እያጠፈ ነበር። «በሽተኛው ዳነ?» አለኝ። ዳነ አልኩት። ባዶው አይሱዙ ላይ ሞተሬ ብቻውን ቆሞ ተመለስን፤ በመንገድ ሁሉ ጉድጓዱ አልተሰማኝም። ቡታጅራ ስንገባ ተማም ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጧፉን አሳየሁት፤ የቆቧ ቅርፅ ሰሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። በማግስቱ ሳልፍ ባዶ የጣሳ ክዳን አጠገቡ አስቀምጦ ትንንሾቹን ዕቃዎች እዚያ ውስጥ ሲያደርግ አየሁት።

ቅዳሜ በሞተሬ ከነበረዶ ሳጥኔ ዳገቱን ወጣሁ። ከብቶቹ አንድ ዋርካ ሥር ተሰልፈዋል። መድኃኒት በመርፌ ስቀዳ ሁልጊዜ የመርፌውን ክዳን በጥርሴ የመያዝ ልማድ አለብኝ፤ ያን ዕለትም ክዳኑ በጥርሴ፣ መርፌው በእጄ ሆኖ ቀና ስል ወይዘሮ ዘቢባ ላሟን በገመድ እየሳበች መጣች።

«እንዴት አደርሽ ዶክተር? አልሐምዱሊላህ፣ መጣሽልኝ!»

አፌ ሊከፈት ሲል ተማም ትዝ አለኝ። ክዳኑን ከጥርሴ አወጣሁ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ኪሴንም ዘጋሁ። ዘቢባ ግራ ገብቷት ትጠብቃለች።

«ደህና አድሬያለሁ ዘቢባ» አልኳት። «መጥቻለሁ። ላሟን አምጫት።»